እህቴ እናቴን ያዘለችበት ቀን

እናታችንን ከአዲስ አበባ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ስለሚረሳው ነው። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ፣ ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፋ ሲጨንቃት በስልክ ያጽናናኋት እኔ፣ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ደርሳ በተሽከርካሪ ወንበር ስትወጣ ጉልበቷን የሳምኩት እኔ። ታናሽ እህቴ በዚያን ቀን አበባ ይዛ መጣች። የዚያ ቀን ወሬ ሲነሳ እናቴ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለ አበባው ነው።

አምስት ዓመት ከእኔ ጋር ኖራለች። አፓርታማዬ ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ መስኮቱ ወደ ዛፎቹ የሚያየውን እሷ ወሰደች፣ ወደ ፓርኪንጉ የሚያየው ለእኔ ቀረ። ከንጋት ጀምሬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን ሳደርግ ውዬ ስመለስ የደም ግፊት ኪኒኗን በየቀኑ ለይቼ እሰጣታለሁ፣ ጉልበቷን አሻለሁ፣ ቀሚሷን እተኩሳለሁ። እህቴ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር ነው። ቢሮ ትሠራለች፣ ባል አላት፣ በአማርኛ ስታናግራቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱላት ሁለት ልጆች አሏት፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ማንም የማይቀመጥበት አግዳሚ ወንበር አላት። እሑድ እሑድ መጥታ እናቴን ለምሳ ትወስዳታለች። እናቴ ከዓርብ ጀምራ ልብስ ትመርጣለች። ሰኞ እኔ የሠራሁትን ሾርባ እየጠጣች እህቴ ስላበላቻት ዓሣ ታወራልኛለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? እኔ ላይ ልጥ ሲነከር አምስት ዓመት ሞላው።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ድካም ነው ብያለሁ፣ ብቸኝነት ነው ብያለሁ፣ ስኳሬ ከፍ ብሎ ይሆናል ብዬም ተመርምሬያለሁ። ስኳሬ ደህና ነበር።

አንድ የእኔ ብቻ የሆነ ሥራ ግን ነበረኝ። ሐኪም ቤት የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ዶክተሯ ገብታ "ዛሬ እንዴት ነዎት? ራስዎን ያዞርዎታል? ወድቀው ያውቃሉ?" ትላለች። እናቴ ሻርፗን አስተካክላ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ትላለች። ይህ በእሷ ዘንድ ውሸት አይደለም። ጤናሽ እንዴት ነው ሲሏት ሕመም መዘርዘር ፈጣሪን መክሰስ ይመስላታል። ግድግዳ ተደግፋ፣ ቤቱ እየዞረባት፣ ዓይኗን ጨፍና እንኳ አልሐምዱሊላህ ነው መልሷ። የእኔ ሥራ ያንን ሰምቶ ሌላውን መናገር ነበር። "ደህና ነኝ ትላለች፤ ግን ማክሰኞ መታጠቢያ ቤት ወድቃለች። በድንገት ስትነሳ ያዞራታል። ደረጃ ብቻዋን አትወጣም፣ አትወርድም" እላለሁ። ዶክተሯ ፈገግ ብላ የእኔን ትጽፋለች። እናቴ እንግሊዝኛ ባትሰማም ምን እንዳልኩ ታውቃለች፤ መኪና ውስጥ ታኮርፈኛለች።

ዶክተሯ ያዘዘችላት ባለ አራት እግር መደገፊያ አለ። እንግዳ ሲመጣ ከሶፋው ጀርባ ታስደብቀኛለች። እህቴ ስትመጣማ በሩ ከመንኳኳቱ በፊት ነው። ከዚያ የእህቴን ክንድ ይዛ፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ ሙሽራ ትወጣለች። እህቴ እናታችን ብርቱ ናት ብላ ታምን ነበር። ለምን ብርቱ እንደምትመስል ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ባለፈው ክረምት ሊያልቅ ሲል አንድ እሑድ እህቴ ከእናቴ ጋር ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ እማዬን ክሩዝ ልወስዳት ነው። ሰባት ቀን በመርከብ። ኦልሬዲ ቡክ አድርጌያለሁ" አለችኝ።

እናቴ ወለሉን እያየች ትስቃለች። እንደምታውቅ ገባኝ፤ ከእኔ በፊት ነግራታለች።

"አንቺንም ልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ኦፍ አይሰጡሽም አይደል?" አለች።

እውነት ነው፣ አይሰጡኝም። ግን ሰው ሊጋብዝ ሲፈልግና ላለመጋበዝ ሲጠይቅ ድምፁ ይለያያል። "ምን ችግር አለ፣ እናንተ ሂዱ" አልኩና ሳህን ላጥብ ተነሳሁ። የታጠበ ሳህን ነበር ያጠብኩት።

በሳምንቱ እናቴ ለምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ስልክ ደውላ ነግራ ጨረሰች። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ እህቴ የመርከቡን መመዝገቢያ በስልኬ ላከችልኝ። "የእማዬን ቼክ ኢን አንቺ ጨርሽልኝ፣ ፔፐሯ ሁሉ አንቺ ጋ ነው" ይላል መልእክቷ። ለሽርሽሩ እሷ፣ ለወረቀቱ እኔ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ ከፊቷ ተቀምጬ ስልኩ ላይ እሞላለሁ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የግሪን ካርድ ቁጥር፣ የምትወስደው መድኃኒት። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ። አደጋ ቢደርስ ከክፍሏ ለመውጣት ወይም ደረጃ ለመጠቀም የሰው እርዳታ ያስፈልጋታል ወይ ይላል። ከሥሩ ሁለት ሳጥን፣ አዎና አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ አዎ የተባለላቸው መንገደኞች ስም ለየፎቁ ሠራተኛ እንደሚሰጥና በአደጋ ጊዜ ክፍላቸው ድረስ መጥተው እንደሚያወጧቸው ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

"እማዬ" አልኳት፣ "አደጋ ቢመጣ ደረጃ ብቻሽን ትወጪያለሽ ወይ ይላል።"

"ምን አለብኝ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አለች፣ ከምስሯ ቀና ሳትል።

አምስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያላመንኩትን ቃል በዚያች ቅዳሜ አመንኩ። አይደለም የሚለውን ነካሁ። መጨረሻው ላይ መረጃውን የሞላው ማነው ሲለኝ ስሜን ጻፍኩ።

ለምን እንዳደረግኩት ልናገር። አዎ ብል እህቴ ታያለች፤ ለአሳንሰር የቀረበ ክፍል ታስቀይራለች፣ ሠራተኛ ይመደብላቸዋል፣ ጉዞው የተደላደለ ይሆናል። እኔ ደግሞ እንዲደላደልላት አልፈለግኩም። መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሞ ወደቀች አልወደቀች እያሉ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ትየው አልኩ። ሰባት ቀን ትየው። ሞት አላሰብኩም፣ ማዕበልም አላሰብኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ያሰብኩት እህቴ እንድትደክም ብቻ ነበር። ሊሄዱ ሲሉም መደገፊያው ከሶፋው ጀርባ እንዳለ እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ፎቶ መምጣት ጀመረ። እናቴ የፀሐይ መነጽር አድርጋ። እናቴ ነጭ ልብስ ከለበሰ መኮንን አጠገብ። እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ኋላዋ ባሕር ብቻ። እኔ ምሳ ሰዓቴ ላይ ከማይክሮዌቩ ፊት ተሰልፌ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን በቪዲዮ ደወሉ። "ልጄ፣ እዚህ ቂብላው ይዞራል" አለችኝ እናቴ በሳቅ። "ሶላቴን ስጀምር መርከቡ ይታጠፋል። እህትሽ ስልኳን ይዛ እያየች ወደዚህ ዙሪ፣ ወደዚያ ዙሪ ትለኛለች።" እኔ ቤት ቂብላው አምስት ዓመት ሙሉ አልተነቃነቀም፤ ስለዚያ ግን ለማንም ደውላ አታውቅም። እህቴ ደከመች ወይ ብዬ ፊቷን አየሁ። ፀሐይ መቷት አምሮባታል።

በአምስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት እህቴ ደወለች። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። "እትዬ፣ ትንሽ ንፋስ አለ፣ ዶንት ዎሪ" አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ልጅነቷ ቀጥኖ ነበር። ከኋላዋ አንድ ነገር ተንሸራቶ ሲሰበር ሰማሁ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በድምፅ ማጉያ የሆነ ነገር መናገር ጀመሩ። መንገደኞች የሕይወት መከላከያ ጃኬታቸውን ይልበሱ፣ ከታችኞቹ ፎቆች ወጥተው ላይኛው አዳራሽ ይሰብሰቡ፣ አሳንሰር መጠቀም ክልክል ነው። እስከዚያ ሰማሁና መስመሩ ተቋረጠ።

አሳንሰር ክልክል ነው። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

የመርከቡ ድርጅት ለመንገደኛ ዘመድ የሰጠው የስልክ ቁጥር ነበር፤ ደወልኩ። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። መርከቡ ከባድ ማዕበል ውስጥ እንደገባ፣ ከፊት በኩል መስኮት ተሰብሮ ውሃ ስለገባ ከታች ያሉት ወደ ላይ እየወጡ እንደሆነ፣ የሞተ ሰው እንዳልተሰማ ነገረችኝ። እየጮኽኩ "እናቴ ደረጃ መውጣት አትችልም፣ ሰው ላኩላት" አልኳት። የክፍሉን ቁጥር ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሯ ላይ ስትጽፍ ይሰማል።

"እርዳታ ከሚያስፈልጋቸው ዝርዝር ውስጥ የሉም" አለችኝ። "አያስፈልግም ተብሎ ነው የተሞላው። ማን እንደሞላው ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አልኩ።

በዚያ ሰዓት፣ እናቴ ውሃ ውስጥ ልትሆን በምትችልበት ሰዓት፣ ያሳሰበኝ ስሜ ነበር። ሴትየዋ መልእክቱን ለመርከቡ አስተላልፋለሁ አለች፤ ግን ግንኙነቱ የተቆራረጠ ስለሆነ መቼ እንደሚደርስ አታውቅም። ሁለት ሰዓት ተኩል መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ስልኩን አየሁት። ዱዓ ለማድረግ ሞከርኩ፤ የማደርገው ዱዓ በራሴ ላይ የሚመሰክር እየሆነ አስቸገረኝ።

ሲደወል እናቴ ነበረች። ድምፅዋ ጎርንኗል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። እህትሽ አዘለችኝ። በአንሶላ አስራ፣ ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ አራት ፎቅ አወጣችኝ። እኔ ወልጄ ያዘልኳት ልጅ እኔን አዘለችኝ።"

መሪውን ተደግፌ አለቀስኩ። እናቴ በሕይወት አለች። ይህን አስቤ ሳልጨርስ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ ለምን እሷ አዘለቻት የሚል ሐሳብ መጣ። ልፋት እንዲሆንባት ያልኩት ነገር ክብር ሆነላት። ያንን ክብር በገዛ ጣቴ ስልክ ላይ ነክቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ሲመለሱ ሰው እንኳን አላህ አተረፋችሁ ሊል ቤቴን ሞላው። እናቴ ዳሌዋ ስለተመታ በትራስ ተደግፋ ለመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ትተርካለች። መብራቱ እንዴት ብልጭ ድርግም እንዳለ፣ ደረጃው ላይ ውሃ እንዴት እንደወረደ፣ እህቴ እንዴት ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ እንደወጣች። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤት አሉን፤ ደረታቸውን ደቅተው "ልጅ ማለት እንዲህ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ደግሞ ሻይ ጨምሪልን" አሉኝ። ጨመርኩላቸው። ስኳር የማይወስዱ ናቸው፤ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩበት።

ሰው ሲወጣ እህቴ ማድቤት ተከትላኝ ገባች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣልኝም" አለች። "ሌሎቹን አሮጊቶች ክፍላቸው ድረስ መጥተው በወንበር ተሸክመው ነው የወሰዷቸው። የእኛ ፎቅ ሠራተኛ በራችንን አልፎ ከጎናችን ያለችውን ሴትዮ አወጣ። እየጠራሁት እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ። እማዬን እያየ። ኮምፕሌይን አደርጋለሁ። ስሙን ደረቱ ላይ አንብቤ ይዤዋለሁ፤ ከሥራው ፋየር መደረግ አለበት። የእማዬን ቼክ ኢን ኮፒ ላኪልኝ፣ አታች አደርገዋለሁ።"

"እፈልገዋለሁ" አልኳት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለሦስት ቀን እፈልገዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ያንን ሰውዬ አይቼው አላውቅም። ጎልማሳ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ ብላኛለች እህቴ። ሥራው ግን ይገባኛል። መጋዘን ውስጥ ሌላ ሰው በስህተት ለለጠፈው ወረቀት እኔ ላይ ጥፋት ተጽፎብኝ ያውቃል፤ የተሰጠኝን ዝርዝር ተከትዬ ነበር። ያም ሰው የተሰጠውን ዝርዝር ተከትሏል። መርከቡ ሲናወጥ በእጁ የያዘውን ወረቀት አይቶ የእናቴን በር አልፏል፤ እናቴን ከዚያ ወረቀት ያወጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ዝም ብል ሰውየው እንጀራው ይቆረጣል። ብናገር እህትና እናት አጣለሁ። እነዚያን ሦስት ቀኖች ለማን እንዳዘንኩ አላውቅም፤ ለራሴ ሳይሆን አይቀርም።

በአራተኛው ቀን እናቴን ለዳሌዋ ሕክምና ዳውንታውን ወሰድናት። ነርሷ ተቀብላ አስገባቻትና አንድ ሰዓት ይፈጃል አለችን። ፓርኪንጉ ውስጥ ወዳቆምነው መኪናዋ ተመልሰን እንደገባን እህቴ ስልኳን አወጣች። "ረጅም አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ ዛሬ ልልከው ነው። ኮፒውን አገኘሽው?" አለችኝ።

ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋት። ጥያቄውን አነበበች። መልሱን አነበበች። ከታች ስሜን አነበበች። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ።

"ሰውየው ጥፋት የለበትም" አልኩ። "እማዬ ደረጃ አትወጣም። ከመጣች ጀምሮ አትወጣም። መደገፊያ አላት፣ አንቺ ስትመጪ ታስደብቀኛለች። አያስፈልጋትም ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።"

ጥያቄውን እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች። በመጨረሻ፣ "ረስተሽ ነው አይደል?" አለችኝ። "ሥራ በዝቶብሽ፣ ሳታነቢ ነው።" የማምለጫውን በር እሷው ከፈተችልኝ፤ አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

"አይደለም" አልኩ። "አንብቤዋለሁ። እንድትደክሚ ፈልጌ ነው። ቀንቼብሽ ነው።"

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ስልኬን መለሰችልኝ፤ የራሷን አንስታ የጻፈችውን ሁሉ አጠፋችው። ከዚያ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ከፊታችን ያለውን የሲሚንቶ ግድግዳ እያየች ተናገረች።

"ሁለቴ ወድቄያለሁ። ሁለተኛው ላይ የምንሞት መስሎኝ ነበር። እማዬ ሰው ሲመጣ ሁሉን ታወራለች አይደል? አንድ ነገር ትዘላለች። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። እዚያ ደረጃ ላይ፣ እኔ ጀርባ ላይ ሆና፣ የምትጠራው አንቺን ነበር። ሙሉ መንገዱን። 'እሷን ጥሩልኝ፣ እሷ ታውቅበታለች፣ እሷ የት ሄደች' ትላለች። እኔ ነኝ እማዬ፣ እኔ ነኝ ያዘልኩሽ እላታለሁ። አትሰማኝም። አንገቴን አንቃ አንቺን ትጠራለች።"

ድምፅዋን አወቅኩት። አምስት ዓመት ከውስጤ ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው።

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ፤ እናቴን ልገድላት ነበር፣ እሷንም ጭምር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ደረቴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሞቅ አለና ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩ።

"ስንት ጊዜ ጠራችኝ?" አልኳት።